ፊልሙን አብረን አየነው፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአንድ ወር ገደማ በፊት ከእጮኛዬና ከታናሽ ወንድሜ ጋር «ትሬድስ» የሚባለውን የቆየ የእንግሊዝ ፊልም አየን። የኒውክሌር ቦምብ ከወደቀ በኋላ አንድ ከተማ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። ወንድሜ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሳቀ። እጮኛዬ «አሪፍ አድርገው ነው የሠሩት» ብሎ እራት ይቅረብ አለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልቤ ይመታል። ሌሊት ተነስቼ የጦርነት ዜና ሳነብ አነጋለሁ። ጓደኛዬ «እሾህን በእሾህ ነው፤ ደጋግመሽ እዪው ይለቅሻል» ስላለችኝ ሌሊት ብቻዬን ሞከርኩ። አስፈሪው ቦታ ላይ ስደርስ እዘጋዋለሁ። የጎረቤታችንን ዲያዜፓም የሚባል የማረጋጊያ ኪኒን ግማሽ ግማሽ እየወሰድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሠርጋችን ለጥር ነው፤ አንዳንዴ ግን ምን ዋጋ አለው እላለሁ። ፊልም የሰውን አእምሮ ሊነካ ይችላል? የእናቴ እህት በወጣትነቷ አእምሮዋን ታማ ነበር። (ሜ.)

መልስ፦ ውድ ሜ.፣ የጠየቁኝ ስለ ፊልም ነው። ያስፈራዎት ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

እያበዱ አይደለም። የአክስትዎ ሕመም እርስዎን ጀምሮዎታል የሚያሰኝ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ያዩት ፊልም መሆኑን ያውቃሉ። ሰው የማይሰማው ድምፅ እሰማለሁ፣ የሚከታተለኝ አለ አላሉኝም። ፍርሃትዎ ልክ ማለፉን የታዘቡት ራስዎ ነዎት። በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም መኖሩ ዕድሉን በመጠኑ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ እንደ ርስት ግን አይወረስም። የታመመ ዘመድ ያለው አብዛኛው ሰው በዚያ ሕመም ሳይነካ ዕድሜውን ይኖራል።

ታዲያ ሦስት ሰው አንድ ፊልም አይቶ ለምን አንዱ ሳቀ፣ አንዱ እራት ጠየቀ፣ አንዷ እንቅልፍ አጣች? የፊልሙን ታሪክ ያስታውሱ። ቢቢሲ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህ ፊልም የሚጀምረው ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ካሉ ሁለት ወጣቶች ነው። ልጅቷ አርግዛለች፤ ሊጋቡ ነው፤ ቤታቸውን እያሰናዱ ነው። ቦምቡ የሚመጣው እነሱ እዚያ ላይ እያሉ ነው። እርስዎ ደግሞ ለጥር የተቀጠረ ሠርግ አለዎት። ወንድምዎ ያየው ስለ አንድ የእንግሊዝ ከተማ ነው። እርስዎ ያዩት የራስዎን ጥር ነው።

አሠራሩም ይጨመርበት። እንደ ዜና ዘገባ ተራኪ አለው፤ ስክሪኑ ላይ መረጃ ይጻፋል። እንዲህ ሲሆን «ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው» ብሎ ራስን ማረጋጋት ይከብዳል። ሌላው አስፈሪ ፊልም መጨረሻው ላይ ጭራቁ ይሞታል፤ ተመልካቹም እፎይ ይላል። ይሄኛው እፎይታ ሳይሰጥ ያልቃል። በፍርሃት ጊዜ የሚመነጨው አድሬናሊን ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ይወጥራል። ብዙ ሰው ወዲያው ይረጋጋል፤ ሐሳቡ እየተመላለሰ አካሉን ደጋግሞ የሚቀሰቅሰው ሰው ግን አለ። እርስዎ ከነዚያ ነዎት። ይህ የደካማነት መለኪያ አይደለም።

እጮኛዎንም አይፍረዱበት። ሲደነግጥ ስለ ካሜራና ስለ አሠራር የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ራሱን ከነገሩ የሚያርቅበት መንገድ ነው። የወንድምዎ ሳቅም ከጭካኔ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ጭንቀት በሳቅ ሲወጣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር እናያለን። «ፊልም አይቶ የማይደነግጥ ጠንካራ ነው» የሚሉትም ልክ አይደሉም። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ዘ ዴይ አፍተር» የሚባል ተመሳሳይ ፊልም አሳይቶ ነበር። ወደ 100 ሚሊዮን ሰው አየው። ፕሬዚዳንት ሬገን ከሕዝቡ ቀድመው አይተውት ነበር፤ በጣም እንዳስጨነቃቸው ማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል። ያን ቦምብ የማዘዝ ሥልጣን የነበራቸው ሰው ናቸው። እርስዎ ቢጨነቁ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ጓደኛዎ ምክር ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይታገሱኝ፤ እኔ ዘንድ የሚመጡ ስንት ሰዎችን የጎዳ ምክር ነው። «የፈራኸውን ነገር ደጋግመህ ግጠመው፤ ይለቅሃል።» ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። የሚፈሩትን ነገር በመጋፈጥ ማከም የሚባል ሕክምና አለ፤ ይሠራልም። የሚሠራው ግን ባለሙያ አብሮ ሲኖር ነው። ከቀላሉ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ወደ ከባዱ ይኬዳል። ዋናው ነገር ደግሞ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ እዚያው መቆየት ነው። ያኔ አእምሮ «ፈራሁ፣ ግን ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይማራል።

እርስዎ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። በሌሊት፣ ብቻዎን፣ እንቅልፍ ባጣ አካል ከፈቱት። ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ ዘጉት። ሲዘጉት እፎይ አሉ። አእምሮዎ ከዚህ የተማረው «ያዳነኝ መሸሼ ነው» የሚለውን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ ያስደነግጥዎታል። በመሃል ተዘግቶ የቀረ ትዕይንት ደግሞ መጨረሻ የለውም። አልጋ ላይ ሲጋደሙ የሚቀጥለው እዚያው ካቆመበት ነው። ስለዚህ እሾህ በእሾህ አልወጣም፤ ሁለተኛ እሾህ ነው የተጨመረው። ጓደኛዎ ክፉ አስባ አይደለም። ግን ይብቃ። ሌሊት የሚያነቡት ዜናም ያው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው ዜና የተከታተሉ ሰዎች በቦታው ከነበሩት የበለጠ የጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። ዜና ማወቅ ከፈለጉ በቀን አንዴ፣ በብርሃን ያንብቡ።

ኪኒኑ ላይ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ተናድጃለሁ። ዲያዜፓም በልዩ ማዘዣ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤትዎ የታዘዘላቸው ለራሳቸው ሕመም፣ በራሳቸው ዕድሜና ጤና ልክ ነው። ስኳር አልቆብዎት ጎረቤት እንደሚበደሩት አይደለም። ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ሊለምደው ይችላል። ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል፤ ያኔ ሰው «ሕመሜ ጸንቷል» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሲያደርጉ አንድ ሐኪም ዘንድ ብቅ አለማለትዎ ያሳዝነኛል። ከዛሬ ጀምሮ መጠኑን አይጨምሩ። አረቄም ሆነ ቢራ ቢቀርብዎ ይለፉ፤ ኪኒኑና መጠጡ አንድ ላይ ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ሌላ ማስታገሻ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ። በድንገትም አያቋርጡት። እንዴት እንደሚያቆሙት ሐኪም በዚህ ሳምንት ውስጥ ይወስንልዎ። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ደግሞ ነገ ይሂዱ።

አይዞዎት። ብዙ ሰው ከዚህ ይድናል።

«ምን ዋጋ አለው» ያሏትን ቃል ግን አልዘለልኳትም። «ዓለም እንዲህ ከሆነ ሠርጉ ምን ያደርጋል» ማለትዎ ከሆነ ሐዘን ነው፤ ስናወራበት ይቀላል። «ባልኖር ይሻለኛል» ማለትዎ ከሆነ፣ ራስዎን ስለ መጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ዛሬ ለእጮኛዎ ወይም ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ይዞዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይምጣ። ኪኒኑንም ከእጅዎ ያርቁት። ይህን ቃል አፍ አውጥቶ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ቤተሰብም ለመጠየቅ አይፍራ።

«አማኑኤል ልገባ ነው?» ብለው ቀድመው እንዳይሸበሩ። ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ከጤና ጣቢያም መጀመር ይቻላል። አማኑኤል ቢላኩም ብዙ ሰው ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቦታ ነው። ጸበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ በሕክምናው ፋንታ ግን አይሁኑ።

ሐኪሙ የሚጠይቅዎ አንድ ነገር አለ። ከዚህ ፊልም በፊት ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም የቅርብ ሰው ሞት አይተው ያውቃሉ? ፊልም ብቻውን እንዲህ ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው ሰው ጥቂት ነው፤ የቆየ ቁስል ሲቀሰቅስ ግን ብዙ ጊዜ ይታያል። ካለ አይደብቁት።

ለእንቅልፉ ደግሞ ከቀትር በኋላ ቡና ይቅር። ቢተኙም ባይተኙም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ አይቆዩ፤ ተነስተው ደብዘዝ ያለ ብርሃን ውስጥ ይቀመጡና እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

ሲሄዱ የኪኒኑን እሽግ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት እንደወሰዱ ሳይቀንሱ ይናገሩ። እጮኛዎም አብሮዎት ይግባ፤ እንዴት እያደሩ እንደሆነ እሱም መስማት አለበት።