ኩሪየዝ ላይ እንውረድ ወይስ ጀልባው ላይ እንቅር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በነሐሴ መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ሲሸልስ ውስጥ የሰባት ቀን የካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዘ ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ) ጉዞ ይዛችኋል። ጀልባው ኩሪየዝ የምትባል ደሴት አጠገብ መልህቅ ጥሎ አንድ ቀን ይውላል። «መውረዱ ያዋጣል ወይስ እዚያው እየዋኘን ብንውል ይሻላል? እናቴ 60 ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል» ነው ያልሽው።

ውረዱ። ሁለታችሁም ውረዱ። መንገዳችሁ ግን አንድ አይሁን።

እኔ ከዱባይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ዋኘሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ተኛሁ። ማታ ጓደኞቼ ተመልሰው ሲያወሩ ነው ያመለጠኝ ነገር የገባኝ። በሁለተኛው ጉዞ ከሁሉ በፊት የጠየቅሁት «ኩሪየዝ ላይ ስንት ሰዓት እንቆማለን?» ብዬ ነው።

ጠዋት በኛ ሰዓት አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ብትወርዱ ጥሩ ነው። ከፕራስሊን ደሴት የቀን ጎብኚ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ረፈድ ሲል ነው የሚመጡት። ፀሐዩም እስከዚያው ይራራል። ከካፒቴኑ ጋር ሰዓት ስትቀጣጠሩ ግን በነሱ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ።

የምትወርዱት ቤ ላሬ በሚባለው ዳርቻ ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች ያሉት እዚያ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ ስላለ በጉዞው ዋጋ ውስጥ መካተቱን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ዛፎቹ ሥር ትልልቅ የየብስ ኤሊዎች ታገኛላችሁ። እንደ ልባቸው ነው የሚዞሩት። ዘራቸው ከሩቁ አልዳብራ ደሴት የመጣ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ማምጣት የተጀመረው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ ወንድ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጠባቂው እንዳሳየኝ የአንዱን አንገት ከሥር በቀስታ አከክሁት። መጀመሪያ አይኑን ጨፈነ። ከዚያ በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ፤ አንገቱን እያስረዘመ፣ እያስረዘመ ወደኔ አመጣው። ቆዳው እንደ አሮጌ የቆዳ ጫማ ነው፣ ግን ይሞቃል። እናትሽ ሌላ ምንም ባያዩ ይህ ብቻ ይበቃቸዋል። ጥላ አለ፤ ቁጭ ብለው ያያሉ። ለሳቸው ትንሽ የሚያስቸግረው ከካታማራኑ ወደ ዳር ከምታደርሳችሁ ትንሽ የጎማ ጀልባ መውረዱ ነው፤ ውኃው እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዛቸው።

አንቺ ደግሞ ወደ ማዶ፣ ወደ አንስ ሳን ጆዜ ተሻገሪ። እንደ እርምጃሽ ቢሆንም ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅብሽ ነው። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ሥሩም ያደናቅፋል። መጀመሪያ በማንግሮቭ (ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ረግረግ ላይ በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ነው የምትሄጂው። እዚያ ላይ አትቸኩዪ። ቆም ብለሽ ወደ ታች ካየሽ ጭቃው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስልሻል፤ ሸርጣኖች ናቸው። እግርሽን ስታነሺ ሁሉም ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ዝም ስትዪ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ይሆንና አፈሩ ይቀላል። ደሴቷን በፊት «ቀይ ደሴት» ይሏት የነበረው በዚህ አፈር ነው።

ማዶ ስትደርሺ ባሕሩ ዳር ሰፊ በረንዳ ያለው አሮጌ የእንጨት ቤት አለ። የሐኪሙ ቤት ይሉታል፤ ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶበት ያልፋል። እባክሽ አንቺ ግቢና አንብቢ። ኩሪየዝ ከ1829 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሌሎቹ ደሴቶች ተነጥለው የሚኖሩባት ቦታ ነበረች። የተዘጋው በ1965 ነው። ይህን ሳነብ ቀጥ ብዬ ቀረሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው በዚያው በ1965 ነው። እኔ ያደግሁት ዘነበወርቅ ሰፈር አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ልቤን ነካው። በረንዳው ላይ ቆመሽ ፕራስሊንን ታያለሽ፤ ቅርብ ናት። እዚህ የኖሩት ሰዎችም በየቀኑ ያይዋት ነበር።

አሁን አደራ የምልሽን ስሚ። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ጠይቂ። ባሕሩ ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ያህል ነው የሚወስደው። እኛ አምስት ሆነን በጎማ ጀልባዋ አንስ ሳን ጆዜ ወረድን፤ ዳር አስረናት ሄድን። ስንመለስ ውኃው ሸሽቷል፤ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ደግሞ ኮራሉ (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ሕይወት) አግጥጧል። ብንጎትታት ጎማው ይቀደዳል፣ ኮራሉም ይሰበራል። ውኃው እስኪመለስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ጠበቅን። የያዝነው አንዲት ጠርሙስ ውኃ ነበር። አንዷ ጓደኛችን ራሷን ስታ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ስለዚህ ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ያዙ።

ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ናት። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሙቀቱን አስቢበት፤ ጠዋት ወርደው ቶሎ ይመለሱ። ለጀልባው ምግብ አብሳይ «እንጾማለን» ብቻ ብትዪው ዓሣ ያቀርብልሻል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም ብለሽ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪው። ችግር የለም፣ ምስር ይሠራሉ። ላዶብ የሚሉትንም ጠይቂ፤ ሙዝ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነው። ነሐሴ ላይ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ስለሚበረታ ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን ስትሻገሩ ባሕሩ ያናውጣል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል።

ፕራስሊን ላይ ጊዜ ካገኛችሁ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ እዩ። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በኩሪየዝ ብቻ ነው። ፍሬው ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ አምስቱ ኩንታል ይሞላል ማለት ነው። ቅጠሉ በነፋስ ሲጋጭ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲጀምር ይመስላል። በ1879 ደብረ ታቦር መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተደራደረው እንግሊዛዊው ጎርደን፣ በ1881 ይህን ጫካ አይቶ «ኤደን ገነት ይህ ነው» ብሎ ነበር። ግዮንን ከኤደን ወንዞች አንዱ ብለን ላደግን ለእኛ ነገሩ ለየት ይላል። ለእናትሽ እዚያው ዛፉ ሥር ሆነሽ ንገሪያቸው። ፍሬውን ግን ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዳትገዢ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰድብሻል።

እንግዲህ ካፒቴኑን ማታውኑ አነጋግሪው። ውኃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሸሽ፣ አንቺን ከማዶ፣ እናትሽን ከኤሊዎቹ ጋር ማን መጥቶ እንደሚያነሳችሁ ይንገርሽ። ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለእናትሽ ስጫቸው። ስልክ ላይ አትተማመኚ።