የተቃጠለ የጭስ ማስወጫ ቫልቭ፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት የሚረጋገጠውና ከወረደ በኋላ የሚሠራው

እንደገለጹት መኪናዎ 4ኬ ሞተር ያለው የቆየ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካም 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ሲሊንደር 9 ባር ገደማ ሲያሳዩ 3ኛው 4 ባር ላይ ቀርቷል። መካኒኩ «ቫልቭ ተቃጥሏል፤ ሌሎቹም ደክመዋልና ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ» ስላልዎት፣ ይህ የግድ መሆኑንና ቫልቩን በመፍጨት ብቻ መገላገል ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በጋራዥ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያጋጠመኝ ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።

በመጀመሪያ «ሌሎቹም ደክመዋል» የሚለውን አልቀበለውም። በአገልግሎት መጽሐፍ ላይ የሚታተመው የኮምፕሬሽን ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የተሰጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 12 ባር የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ምንም ጉድለት የለበትም። ይህን ባለማስተዋል ፒስተንና ፋሻ (ግፊት እንዳያመልጥ በፒስተኑ ዙሪያ የሚታሰሩት ቀለበቶች) ያለ ጊዜያቸው የተለወጡባቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ከወረደ በእርግጥ ችግር አለ፣ የእርስዎ 3ኛ ሲሊንደር ደግሞ ከግማሽ በታች ነው።

ችግሩ ግን ቫልቭ ብቻ ላይሆን ይችላል። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖና የነዳጅ መርገጫው እስከ ወለል ተረግጦ የተወሰደ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ በ3ኛው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል፣ ከ4 ባር ካልተነቃነቀ ግን አየሩ የሚያመልጠው ከላይ ነው ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ የቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ እጠረጥር ነበር፤ የእርስዎ ግን አንድ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ምርመራ የታመቀ አየር ማስገባት ነው። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላ ተሰብሮ ወጥቶ በብረቱ ላይ የአየር ቱቦ ከተበየደ፣ ከጎሚስታ ቤት በሚገኝ ኮምፕሬሰር ሥራው ይሠራል። የ3ኛው ፒስተን በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ ይቁም፤ መኪናው ከፍተኛ ማርሽ ገብቶለት የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ አየሩም በዝቅተኛ ግፊት ቀስ እያለ ይለቀቅ፣ አለበለዚያ ሞተሩን ሊያዞረው ይችላል። የሚያፏጨው ድምፅ ከማርሚታው ጫፍ ከተሰማ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ነው፤ ከካርቡራተሩ ከተሰማ የማስገቢያው ነው፤ ከዘይት መሙያው በብዛት ከወጣ ፋሻው ነው፤ የራዲያተሩ ውኃ አረፋ ካወጣ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ይህ ሳይደረግ ቴስታታ እንዲወርድ አይፍቀዱ።

በዚያው አጋጣሚ የቫልቩን ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለውን ስፋት) ይለኩ። በዚህ ሞተር ላይ ሲሞቅ ለማስገቢያው 0.20፣ ለጭስ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። የ3ኛው ክፍተት ጨርሶ ጠፍቶ ከተገኘ የመቃጠሉ ምክንያት በአብዛኛው ተገኝቷል። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ይሠራል፤ ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የሚያስረክበው በተዘጋ ጊዜ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ነው። ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፤ የሚያፈተልከው ጋዝ ጠርዙን ይበላል፣ የተበላው ጠርዝም ይበልጥ ያፈስሳል። ብዙ አሽከርካሪዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ቫልቭና መቀመጫው እየተበሉ ሲሄዱ ክፍተቱ ይጠብባል እንጂ አይሰፋም። ስለዚህ የቫልቭ መንኳኳቱ በራሱ ጊዜ ጸጥ ያለ አሮጌ ሞተር ሊያሳስብዎት ይገባል። ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ኮምፕሬሽኑ እንደገና ይለካ፤ ጠርዙ ገና ካልተበላ ቁጥሩ ሊመለስ ይችላል፣ ካልተመለሰ ግን ቴስታታው ይውረድ።

ቴስታታው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል በየደረጃው እየላሉ ይፈታ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ በችኮላ ይጣመማል። ቫልቮቹና የሚገፏቸው ዘንጎች በየቦታቸው ቁጥር ይሰጣቸው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ከቦታው ጋር ተለማምዶ ኖሯል። የተቃጠለው ቫልቭ በዓይን ይታወቃል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ሽንሽን የተበላ ቦታ ወይም ከመሃል ወደ ዳር የሄደ ጥቁር ቦይ ይኖረዋል።

አሁን ወደ መፍጨቱ እመጣለሁ። የተበላ ቫልቭ በመፍጫ ፓስታ አይድንም። ፓስታ የሚያገለግለው ጤነኛ ቫልቭን ከጤነኛ መቀመጫ ጋር ለማጋባት ነው፤ ቦይ የወጣበትን ቫልቭ ቦዩ እስኪጠፋ ቢፈጩት መቀመጫውን ያሰምጡታል፣ ጠርዙንም ያቀጥኑታል፣ የቀጠነ ጠርዝ ደግሞ ቶሎ ይግላል። በብየዳ ሞልቶ መልሶ ማስመረድንም አልመክርም። አዲስ ቫልቭ ይገዛ፤ ሌሎቹ ሦስት የጭስ ማስወጫ ቫልቮችም አብረው ቢለወጡ እመርጣለሁ፣ ዕድሜያቸው አንድ ነውና።

መቀመጫው በቶርኖ ቤት በ45 ዲግሪ ይቆረጥ፤ ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበት ስፋት ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ እንዲሆንና በቫልቩ ገጽ መሃል ላይ እንዲያርፍ በ30 እና በ60 ዲግሪ ይስተካከል። ሲጠብብ ሙቀት አያስተላልፍም፣ ሲሰፋ ካርቦን ይይዛል። ከመቁረጡ በፊት ግን ቫልቩ የሚመላለስበት ጋይድ ይፈተሽ፤ ጋይዱ የሰፋ ከሆነ ቫልቩ እየተወላገደ ስለሚቀመጥ የቶርኖው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የቴስታታው ገጽ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተጣመመ ይላግ፤ ጎሚኒዎቹ (የቫልቮቹ የዘይት መከላከያ ጎማዎች) እና ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁኑ። ሞላዎቹ ከገቡ በኋላ ቴስታታው ተገልብጦ፣ ካንዴላዎቹ እንደተጠበቁ፣ ነጭ ጋዝ ይሞላበትና ወደ ጭስ መውጫው ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ እንዳለ እርስዎ ራስዎ ቆመው ይመልከቱ።

ክፍተቱ ጠፍቶ ካልነበረ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። የዘገየ የካንዴላ እሳት ቃጠሎውን እስከ ጭስ መውጫው ያስረዝመዋል፤ በካርቡራተሩ ሥር የሚገባ የጎን አየርም ድብልቁን ያሳሳዋል። ለመኪናዎ የምጠይቀው ሌላም ነገር አለ፤ ካርቡራተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የጠበበ ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክፍል) ገብቶለታልን? በአዲስ አበባ ስስ አየር ያ ጄት ሊስማማ ይችላል፤ በዚያው ጄት ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ሲወርዱ ግን አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል፣ ረጅሙ የቆላ ጉዞም ቫልቮቹን ያግላቸዋል። ወደዚያ የሚመላለሱ ከሆነ ጄቱ በመጽሐፉ ልክ ይመለስ።

ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ ከጠበቁ በኋላ ክፍተቱ ይስተካከላል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላም ሞተሩ ሞቆ እንደገና ይለካ። የ3ኛው የጭስ ማስወጫ ክፍተት በዚያ ጊዜ በግልጽ ጠብቦ ከተገኘ መቀመጫው እየሰመጠ ነውና ክፍተቱን አስተካክለው ብቻ አይለፉት፤ ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤቱ ተመልሶ አዲስ የመቀመጫ ቀለበት ይግባለት።