በብር እየተከፈለን በዶላር ስንገዛ

ዶክተር፣ ጥያቄዎ እኛንም ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶናል። ሪኤጀንቱ (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካሉ) በዶላር እየናረ ታካሚው በብር ሲከፍል ዋጋ እንዴት ይውጣ? ውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲከፍሉስ በዶላር ይነገራቸው ወይ? አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አነስተኛ የግል ሆስፒታል ሒሳብ ክፍል ስለምሠራ የደረሰብንን ልንገርዎት።

ከሁለተኛው ልጀምር። በዶላር ዋጋ አይንገሩ። ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መገበያየት ክልክል ነው። ጣጣውም ብዙ ነው። ሰኔ 2016 አሜሪካ ያለች ልጅ የእናቷን ቀዶ ሕክምና ዋጋ በስልክ ጠየቀችን። 86 ሺህ ብር ነበር። እኛ ግን «1,500 ዶላር ይበቃል» አልናት። ሐምሌ 22 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር የነበረው ዶላር በነሐሴ አጋማሽ ከ100 አለፈ። ልጅቷ ገንዘቡን የላከችው ያኔ ነው። ሲመነዘር ከ150 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ካሸራችን «1,500 ተባለ፣ 1,500 ገባ» ብላ ሙሉውን የቀዶ ሕክምናው ክፍያ አድርጋ መዘገበችው። ወንድሟ ደረሰኙን ይዞ መጣ። ልክ ነበር። ልዩነቱን መለስን፣ ይቅርታም ጠየቅን። እናትየው ግን ለክትትል አልተመለሱም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ የምንሰጠው በብር ብቻ፣ በጽሑፍ፣ «እስከዚህ ቀን ይጸናል» ብለን ነው። አልጋ ከያዘ በኋላ ዋጋ የሚቀየርበት ታካሚ የለም። ከውጭ የተላከው ሒሳባችን ውስጥ በገባበት ቀን ምንዛሪ ይያዛል፤ ትርፍ ካለ ያኔውኑ ይመለሳል።

የዋጋ ዝርዝሩን ለሁለት ከፍለነዋል። ካርድ፣ አልጋና የነርስ አገልግሎት በዓመት አንዴ ይታያሉ። የላብራቶሪው ግን አዲስ ሪኤጀንት በተገዛ ቁጥር ይሰላል። ሁሉም ላይ እኩል ፐርሰንት መጨመር ይቀል ነበር። ግን ካርድ ሲወደድ ድሃው ከበር ይመለሳል፤ ካርዱ ደግሞ በዶላር አልተገዛም።

ከሁሉም የጎዳን የዱቤው ነው። ከድርጅቶችና ከኢንሹራንስ ጋር በቋሚ ዋጋ የዓመት ውል ነበረን። ሐምሌ ላይ ያከምነው ሠራተኛ ሒሳብ ጥቅምት ላይ ሲከፈል፣ ያ ብር ያንኑ ሪኤጀንት አይገዛም። አሁን በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገብተናል፦ የባንክ ምንዛሪ ከተፈረመበት ቀን በ10 ፐርሰንት ከተለወጠ የላብራቶሪ ዋጋ እንደገና ይታያል። ሁለት ድርጅቶች እምቢ ብለው ለቀቁን። ሦስተኛው ተስማምቶ በየ30 ቀኑ ይከፍላል። አንቀጹን ከፈለጉት በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።