አቮካዶ ከዛፉ፣ እሸት ከማሳው፦ የክረምት ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ! ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጥያቄው ሁሉ «ልጆቹን የት ልውሰዳቸው» ነው የሚሆነው። ዘንድሮ ግን የማይተዋወቁ ሶስት ሰዎች ስለ አንድ ነገር፣ ማሳ ወይ ጓሮ ገብቶ በእጅ ስለመቅጠፍ፣ ፃፉልኝና አንድ ላይ ላድርጋቸው አልኩ።

ጥያቄ፦ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉኝ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በየዓመቱ ልጆቿን እርሻ እየወሰደች እንጆሪ ምናምን በእጃቸው ሲቀጥፉ ፎቶ ትልክልናለች፣ አሁን የኔዎቹ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው» ብለው ጨረሱኝ። ሐዋሳ አካባቢ እንደዛ የሚደረግበት ቦታ አለ ወይ? ባለቤቴ «የሰው ማሳ ገብተሽ ልትለቅሚ? ዱላ ነው የሚጠብቅሽ» ብሎ ሳቀብኝ። (ከታቦር)

መልስ፦ ባልሽ ቀልዶ ነው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ሃሃ። እህትሽ ጋ ያለው ነገር ቢዝነስ ነው። በር ላይ ባልዲ ወይ ካርቶን ይሰጡሻል፣ ለዛሬ የተከፈተው የትኛው መስመር እንደሆነ ያሳዩሻል፣ ቀጥፈሽ ስትወጪ ተመዝኖ ወይም በካርቶን ተቆጥሮ ትከፍያለሽ። ገበሬው የለቃሚ ደሞዝ ይቀርለታል፣ አንቺ ደግሞ ልጆችሽን ታዝናኛለሽ፣ ማንም ማንንም አያፍርም።

እኛ ጋ ነገሩ ያለው በዝምድና ነው። እኔ ይርጋለም አካባቢ አክስት ነበረችኝ፣ ክረምት ስንሄድ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ጓሮ መግባት ነው፣ እንሰቱ ስር፣ ቡናው መሀል፣ አቮካዶው ዛፍ ጋ፣ ስንመለስ መኪናው ወደኋላ አዘቅዝቆ ነው የሚሄደው። ብር የሚባል ነገር ግን አይነሳም፣ እናቴ ስኳርና ቡና ይዛ ትሄዳለች በቃ። ዘመድ የሌለው ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ ነው ጥያቄው፣ እኔ የምልሽ ዘመዱን ተዪውና አስተዋዋቂ ፈልጊ። ከመንደርሽ አትክልት የምታመጣልሽ ሴትዮ አለች አይደል? ወይ የባጃጅ ሹፌር፣ ወይ መስሪያ ቤት አብሮሽ የሚሰራ ቤተሰቡ ወንዶ ገነት ወይ አፖስቶ አካባቢ ያለ ሰው አይጠፋም። «ልጆቼ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል እሸት እንዲቆርጡ ፈልጌ ነው፣ እከፍላለሁ» ብለሽ አስነግሪ። በደፈናው አጥር ጋ መኪና አቁሞ መጠየቅ ግን ይቅርብሽ፣ ሰውየው እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አንቺም አንገትሽን ትደፊያለሽ።

ምን ይቀጠፋል ካልሽኝ፣ ለኔ አንደኛ በቆሎ ነው። በሐዋሳና በሻሸመኔ ዙሪያ በበልግ ዝናብ የተዘራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ እሸት ይሆናል፣ ልጅም በቀላሉ ይቆርጠዋል። ፂሙ ቡናማ ሆኖ የደረቀውን ዛላ ፈልጉ፣ ቅጠሉን ትንሽ ገልጣችሁ ፍሬውን በጥፍር ስትወጉት ወተት የሚመስል ነገር ከወጣ ደርሷል፣ ውሃ ከሆነ ገና ነው፣ ምንም ካልወጣ ደግሞ አልፎበታል፣ ለንፍሮ ይሆናል። ግን ሁሉንም እየገለጣችሁ አትሂዱ እባካችሁ፣ የተገለጠው ላይ ወፍና ተባይ ይገባበታል፣ አንድ ሁለት አይታችሁ ሌላውን በፂሙና በመዳበስ ገምቱ። ዛላውን ወደታች ሰበር አድርጎ መጠምዘዝ ነው፣ ወደላይ ከተጎተተ አገዳው አብሮ ይነቀላል። ደሞ እዛው ጠብሳችሁ ብሉት! በቆሎ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፣ ከመንገድ ገዝተን ማታ የምንቀቅለው ጣዕሙ የሚደበዝዘው ለዛ ነው። ልጆችሽ ማሳው ዳር የተጠበሰ አንዴ ከቀመሱ በኋላ የእህትሽን እንጆሪ አያነሱብሽም።

ቡና ልጆቹ ሊለቅሙ ከፈለጉ አሁን አይሆንም፣ አረንጓዴ ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቀይ ሲሆን ውሰጃቸው፣ ቀይ ቀዩን ብቻ መልቀም ለስድስት ዓመት ልጅ እንደ ጌም ነው የሚሆንለት። ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ነው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና የሚወጣው፣ ይህን ስትነግሪያቸው ጠዋት ጠዋት ስኒሽን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ክፍያው ላይ ደግሞ አትከራከሪ። ገበሬው እሸቱን ሲሰጥሽ ደርቆ ወደ ጎተራ የሚገባውን እህል ነው የሚሰጥሽ፣ ልጆችሽ ደግሞ አስር ቆርጠው ሶስቱን ጥለው ሁለቱን ረግጠው ነው የሚወጡት። የመንገድ ዳር ዋጋ ስንት እንደሆነ ቀድመሽ እወቂና ከዛ ትንሽ ጨምሪ፣ የተበላሸውንም ቁጠሪ። ሌላው ፎቶ፣ ልጆችሽን አንሺ፣ የነሱን ልጆች ግን ሳትጠይቂ ቲክቶክ ላይ እንዳታወጪ።

ጠዋት ሂዱ፣ ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል፣ ቦቲ ይልበሱ፣ መለወጫ ልብስ ያዢ። አፈሩ ሲረጥብ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ነው የሚለጠፈው፣ መኪናሽን ለሳምንት ስትጠርጊ ትከርሚያለሽ ንገሪኝ ብትይ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቲማቲም ወይ ጎመን ወይ ሌላ አትክልት ያለበት ማሳ ከገባችሁ «መቼ ነው መድኃኒት የተረጨው» ብለሽ ጠይቂ። ከተረጨ በኋላ ሳይቀጠፍ መቆየት ያለበት የቀን ቁጥር ፓኬቱ ላይ ተፅፏል፣ እየቀጠፉ እዛው መብላቱን ለበቆሎው ተዉት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወንዶ ገነት ጓደኛዬ ቤት ሄደን ከዛፍ ላይ አንድ ጆንያ አቮካዶ አውርደን መጣን፣ አስር ቀን ጠበቅኩት ጠንካራ ነው፣ ከዛ ተጨማዶ እንደ ላስቲክ ሆነ። ገበያ የምገዛው ግን በሶስት ቀን ይበስላል። ዘሩ ነው ወይስ እኔ? (ከአላሙራ)

መልስ፦ ወንድሜ አንተ ነህ። አቮካዶ ዛፍ ላይ ሆኖ አይበስልም፣ ይደርሳል እንጂ፣ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሳይደርስ ከተቆረጠ ግን መቼም አይበስልም፣ ያየኸው መጨማደድ እሱ ነው። ችግሩ ደርሷል አልደረሰም የሚለው በዓይን አስቸጋሪ መሆኑ ነው፣ የዛፉ ባለቤት ባለፈው ዓመት መቼ እንዳወረደው መጠየቅ ከሁሉም ይሻላል። በግርድፉ ትልልቁ፣ ልጣጩ ማብረቅረቁን ትቶ ደብዘዝ ያለው ነው የሚወርደው። ከተጠራጠርክ አንድ ሁለት ብቻ አውርደህ ቤት አስቀምጥ፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ውስጥ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ለቀሪው ተመለስ። ሀስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ይጠቁራል፣ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ በቀለም አትሸወድ።

ስታወርድ ደግሞ አትንቀለው፣ ትንሽ ጉቶ አስቀርተህ ቁረጠው፣ ጉቶው ከተነቀለ በቀዳዳው በኩል መበስበስ ይጀምራል። መሬት ላይ ዱብ የሚለውንም ለብቻው አድርገው፣ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ይጠቁራል። እና ጆንያ ሙሉ አቮካዶ በአንድ ቀን የሚያወርድ ሰው ምን ሊያደርገው ነው? ሳይበስል ፍሪጅ አታስገባው፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርገው፣ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ዛፍ ላይ አትውጣ ልልህም ነበር፣ የአቮካዶ ቅርንጫፍ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

ጥያቄ፦ ሰኔ መጨረሻ ቨርጂኒያ ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ዊኬንድ ላይ እንጆሪ ለቀማ እንወስድሻለን ብለውኛል። በስልሳ ስድስት ዓመቴ አሜሪካ ድረስ ሄጄ ለቀማ! ለመሆኑ እየለቀሙ መቅመስ ነውር ነው? ምንስ ይለበሳል? (የሐዋሳ እናት)

መልስ፦ እማማ፣ ይሂዱ! እዛ ያሉ ሐበሾች ብዙዎቹ ከቤተክርስቲያን በኋላ እንጀራና ጥብስ በመኪና ጭነው ነው የሚሄዱት፣ ማንም ለቃሚ አይላችሁም። እንጆሪው ግን በዛ አካባቢ ከግንቦት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ነው፣ እርስዎ ሲደርሱ ያልቃል፣ የሚያገኙት ብሉቤሪ ይሆናል፣ ሐምሌና ነሐሴ ኮክ፣ መስከረም ላይ ከቆዩ ደግሞ ፖም። ልጅዎ ከመነሳታችሁ በፊት እርሻው ጋ ደውላ ትጠይቅ፣ ማሳው ተለቅሞ ካለቀ ለዛ ቀን ይዘጉታል። ብሉቤሪ አይጎተትም፣ በአውራ ጣትዎ ዳበስ ሲያደርጉት የደረሰው ራሱ እጅዎ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚያያዝበት ጋ ቀላ ያለው አልደረሰም። ኮክ ላይ ቀዩን ሳይሆን ከስሩ ያለውን ቀለም ይዩ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ከዞረ ነው።

አንድ ሁለት መቅመስ ነውር የለውም፣ ሆድ ሙሉ ግን ያሳፍራል፣ ልጅዎን ነው የሚያሳፍሩት። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ስኒከርና ረጅም ሱሪ ከቀሚስዎ ስር ያድርጉ፣ ሳሩ ውስጥ መዥገር አለ፣ የሰው ቆዳ ላይ የሚጣበቅና በሽታ የሚያስተላልፍ፣ ቤት ሲገቡ ልጅዎ እግርዎንና አንገትዎን ትይልዎ። ብሉቤሪውን ሊበሉት ሲሉ ብቻ ይጠቡት፣ ታጥቦ ከተቀመጠ ይሻግታል።

ኮኩን ሲቀምሱ ግን ይፃፉልኝ፣ ከኛ ኮክ ይበልጣል ሲሉኝ እስካሁን አላመንኩም።