ቤቴ ብጸልይ አይበቃኝም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አብረውኝ የሚያገለግሉ ሰዎች ስሜን ካጠፉት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። እቤቴ እጸልያለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። እምነቴ አልቀነሰም። እግዚአብሔር እንደሆነ በሁሉም ቦታ አለ። ይህ ለምን አይበቃም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። የደረሰብሽን ነገር አላቃልለውም። አብሮ የጸለየ ሰው ሲያማ ከማንም በላይ ያንገበግባል። ዳዊትም በመዝሙሩ ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር ይላል። ያቆሰለው አብሮት ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረው ወዳጁ ነው።

እቤትሽ መጸለይሽ ደግ ነው፣ እንዳትተዪው። ጌታም በርህን ዘግተህ ጸልይ ብሏል (ማቴ. 6፥6)። ብቻውን ግን አይበቃም።

እስቲ ቶማስን አስቢው። ሁሌ የምናነሳበት ጥርጣሬውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የት እንደነበረ ነው። ጌታ በተነሣበት ቀን ማታ ወደ ደቀ መዛሙርቱ ሲመጣ ቶማስ አልነበረም። እዚያ የነበሩትስ እነማን ናቸው? ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ አለ። ጌታ ሲያዝ ጥለውት የሸሹት አሉ። በሩን የዘጉት ፈርተው ነው። ጌታ ግን መካከላቸው ቆሞ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው።

ከስምንት ቀን በኋላ ቶማስ አብሯቸው አለ። ካላየሁ አላምንም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ቢሆንም ውጣልን አላሉትም፣ እሱም ጥሏቸው አልሄደም። ጌታ ብቻውን መንገድ ላይ ሊገለጥለት ይችል ነበር። የተገለጠለት ግን በእነዚያው ሰዎች መካከል ነው። «ጌታዬ አምላኬም» ያለውም እዚያው ነው (ዮሐ. 20፥24-28)።

የቆሮንቶስ ሰዎችንም ተመልከቺ። ተከፋፍለዋል፣ ፍርድ ቤት ተካሰዋል። በጌታ እራት ላይ እንኳ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ጳውሎስ በዚህ ሁሉ ክፉኛ ገሥጿቸዋል። ደብዳቤውን የጀመረው ግን «የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅድስና ከክርስቶስ ነው እንጂ ከእኛ ጠባይ አይደለም። ከእኛ ጠባይ ቢሆንማ ድሮ ባለቀላት!

ደግሞም ብቻሽን ልትፈጽሚው የማትችዪው ትእዛዝ ብዙ ነው። ይቅር ተባባሉ ተብሏል፤ ከማን ጋር? አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ተብሏል፤ የማንን? ክርስቲያን የሚጠመቀው በሌላ ሰው እጅ ነው። ሥጋውንና ደሙንም የምንቀበለው በጉባኤ ነው። እምነትሽ አልቀነሰም ስትዪ አምንሻለሁ። ፍቅር ግን የሚያድገው ከሚያስቸግር ሰው ጋር ነው።

በደሉንስ ዝም ብለሽ ዋጪው ማለቴ ነው? በፍጹም። ጌታ መንገዱን አሳይቷል (ማቴ. 18፥15-17)። መጀመሪያ ስምሽን ያጠፋውን ሰው ለብቻው አነጋግሪው። ካልሰማሽ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂ። እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ይነገር። ነገሩ ከሐሜት አልፎ ጥቃት ካለበት ግን ለብቻሽ እንዳትገናኚው። የምታምኛቸውን አባት ወይም እናት ያዢ፤ ለሕግ የሚነገር ከሆነም ለሕግ ይነገር።

ወደ አገልግሎቱ ለመመለስ አትቸኩዪ። ለጊዜው ከምእመናኑ ጋር ቆመሽ ጸልዪ፣ ቃሉንም ስሚ። ቂሙ ከልብሽ እስኪወጣም አትጠብቂ፤ ይዘሽው ነይ።