ፎቶው ሰማያዊ ብቻ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ለሥራ ስወርድ እግረ መንገዴን ባሕር እጠልቃለሁ፤ በማግስቱ ሌሊት ወደ ቤት እነሳለሁ። የዓሣው ፎቶ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል፤ ፍላሽ ሳበራ ነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። የሰመጠ የጦር አውሮፕላንስ እንዴት ይነሣል? (ከደሴ)

መልስ፦ ውኃ ቀይን ቀድሞ ይውጣል፤ 5 ሜትር ላይ አብዛኛው የለም። ነጠብጣቡ በሌንሱና በዓሣው መካከል ያለ ብናኝ ነው። ፍላሹን በተገጠመበት ክንድ (መያዣ ዘንግ) ወደ ጎን ያርቁት፣ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡት፣ ጥቂት ወደ ውጭ ያዙሩት፤ ዓሣውን ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ይቅረቡት። አውሮፕላኑን ሙሉ ለማሳየት ግን የፍላሽ አቅም አይበቃም፦ በሰፊ ሌንስ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ያንሱት፤ ፍላሹ ለፕሮፔለሩ ይቆይ።

ከፎቶው ይልቅ ያሳሰበን ጉዞው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ሲሳሳ ሲጠልቁ በሰውነት ገብቶ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆላ ይቆዩ።