የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ቀን በባሕር ዳር

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በጥር ወር የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ባሕር ዳር አድረን አንዱን ቀን ሙሉ ሙዚየምና አትክልት በመጎብኘት ልናሳልፍ አስበናል። ጢስ ዓባይን፣ ገዳማቱንና ከተማውን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል ወይ? ሁለታችንም ሴቶች ነንና መግባት የማንችልበት ቦታ ካለ ብትነግሩን።

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሦስቱንም እናዳርስ ካላችሁ ቀኑ በመኪናና በጀልባ ላይ ያልቃል። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በጥርም ውኃው እየቀነሰ ስለሚሄድ ለክረምት መውጫ ብታቆዩት እንመክራለን። ቀኑን ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ላለው ልሳነ ምድር፣ ለዘጌ ስጡት፤ የፈለጋችሁት ቅርስም አትክልትም በአንድ ስፍራ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ስለሚናወጥ በማለዳ ተነሡ፤ ከባለ ጀልባው ጋርም ዋጋውንና የሚጠብቃችሁን ሰዓት ሳትሳፈሩ ተስማሙ። በጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሴቶችም ክፍት ናቸው።

በዑራ ኪዳነ ምሕረት አትቸኩሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ሰው ይበላ የነበረው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ሰው ውኃ ሲያጠጣ፣ ያቺም ጥርኝ ውኃ በሚዛን ከኃጢአቱ ሁሉ ከብዳ ስትገኝ የሚያሳየውን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩት፤ ታሪኩን የቦታው ሰው እየነገራችሁ ብታዩት ደግሞ የበለጠ ይገባችኋል። በዕቃ ቤቱ የነገሥታት ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት ይታያሉ። ብልጭታ ያለው ፎቶ ቀለሙን ስለሚጎዳ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

አትክልቱን በተመለከተ፣ ከጀልባ መውረጃው ወደ ገዳሙ የሚያወጣው መንገድ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር በበቀለ የቡና ደን ውስጥ ያልፋል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ሦስት ላይ ተከፍላ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቅለውባታል፤ በበሬ ማረስም ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነበር። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ጭምር ነው ብለን እናምናለን፤ የጣና አካባቢም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ) ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ደን በእግር ቀስ ብሎ ማየት ይገባል።

ምሳችሁን ከተማ ከበላችሁ በኋላ በዓባይ ዳር ያለውን የሰማዕታት ሐውልትና ሙዚየሙን እዩ፤ ጉልበት ከተረፋችሁ ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ማየት ይቻላል።

ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያዙ፤ ከደብረ ማርቆስ ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጥር 16 ወርኃዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ ዑራ በምእመናን ይሞላል፤ ለማስቀደስ ከሆነ መልካም ቀን ነው፣ ሥዕሎቹን ተረጋግታችሁ ለማየት ግን ሌላ ቀን ምረጡ።